ቆሽቱ የተቆጣ፣ ጉበቱም የደከመ ሕመምተኛ ይብላ ወይስ ይጹም?

አንድ ሰው ኃይለኛ የሆድ ሕመም ይዞት ሆስፒታል ሲገባና «ቆሽትህ ተቆጥቷል» ሲባል፣ አስታማሚዎቹ ብዙም ሳይቆዩ የሚጠይቁት ስለ ምግብ ነው። ሕመምተኛው ቀድሞም የጉበት በሽታ ያለበት ከሆነ ምክሩ ይበዛል። አንዱ «እስኪሻለው ድረስ በአፉ ምንም እንዳይገባ» ይላል። ሌላው «ጉበት ፕሮቲን አይችልም፤ ሥጋውም እንቁላሉም ባቄላውም ይቅር» ይላል። ሦስተኛው በአልጋው ራስጌ የተንጠለጠለውን ግሉኮስ እያመለከተ «እሱ ይበቃዋል፣ ምግብ ነው» ብሎ ቤተሰቡን ያጽናናል።

እነዚህ ምክሮች ዝም ብለው የተወለዱ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለብዙ ዓመታት በሕክምና ትምህርት ቤቶች ሲሰጡ የኖሩ ናቸው። ዛሬ ግን ሁለቱም በጥናት ተሽረዋል ማለት ይቻላል። ችግሩ ሁለቱ አሮጌ ፍርሃቶች በአንድ ሕመምተኛ ላይ ሲደራረቡ ነው፤ ረሃብን ከማንም ባነሰ መቋቋም የሚችለው ሰው ከማንም በላይ እንዲራብ ይደረጋል።

ሁለቱ በሽታዎች እንዴት ይገናኛሉ?

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተኛ አካል ሲሆን ሁለት ሥራ አለው። ኢንሱሊንን የመሰሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃል፤ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ደግሞ ወደ ትንሹ አንጀት ያፈስሳል። ኢንዛይሞቹ አንጀት ሳይደርሱ እዚያው ቆሽቱ ውስጥ ሥራ ሲጀምሩ ቆሽቱ ይጎዳል፣ ያብጣል፣ ይቆጣል። ይህ በድንገት ሲከሰት አጣዳፊ የቆሽት መቆጣት ይባላል። ሐኪሞች በሽታውን ለማረጋገጥ ከሦስት ነገሮች ቢያንስ ሁለቱን ይፈልጋሉ፦ የተለየ ባሕርይ ያለው የላይኛው ሆድ ሕመም፣ በደም ውስጥ ሊፔዝ ወይም አሚሌዝ የተባሉት ኢንዛይሞች ከመደበኛው ጣሪያ ቢያንስ በሦስት እጥፍ መብለጣቸው፣ ወይም በሲቲ ስካንና በመሳሰሉት ምርመራዎች የሚታይ ለውጥ። ከአምስት ሕመምተኞች አራቱ ያህል በቀላሉ ይድናሉ። በቀሩት ላይ የቆሽቱ ሥጋ ሊሞት፣ ሳንባና ኩላሊትም ሊታወኩ ይችላሉ። የሞተው የቆሽት ክፍል ባክቴሪያ ከገባበት ሕይወት ለአደጋ ይጋለጣል።

ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ስንል ደግሞ ለዓመታት የዘለቀ ጉዳትን ማለታችን ነው። በመጨረሻው ደረጃ ሲሮሲስ ይባላል፤ ጤነኛው የጉበት ሥጋ በጠባሳ ተተክቶ ይደድራል፣ ደም እንደ ልብ አያሳልፍም። በኢትዮጵያ ግንባር ቀደሙ መንስኤ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ቢልሃርዝያ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ጥገኛ ትሉም ጉበትን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በሐረር ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ጫት መቃምን ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ደግሞ ከእህል ጋር የሚቀላቀል መርዛማ አረም ነዋሪዎችን ለከባድ የጉበት ሕመም መዳረጉ ከሁለት አሥርት ዓመታት በፊት ብዙ ተመራማሪዎችን ወደዚያ ስቦ ነበር። አልኮልም አለ።

ከሁለቱ በሽታዎች የጋራ መንገዶች አንዱ ይኸው አልኮል ነው። ሁለተኛው የሐሞት ጠጠር ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከአጣዳፊ የቆሽት መቆጣት ዋነኛ መንስኤዎች አንዱ ነው፤ ሲሮሲስ ባለባቸው ሰዎች ላይም ከሌላው ሰው በላይ ይታያል። ወስፋትም ወደ ሐሞት ቱቦ ገብቶ ተመሳሳይ ጣጣ ሊያመጣ እንደሚችል የኛ አገር ሐኪም አይዘነጋም።

«ቆሽቱን እናሳርፈው» የሚለው ሐሳብ እንዴት ወደቀ?

የአሮጌው ሕክምና ስሌት ቀላል ነበር። የተሰበረ እግር እንደማይረገጥ ሁሉ፣ የተቆጣ ቆሽትም ሥራ ሊሰጠው አይገባም። ምግብ ሲገባ ኢንዛይም ይመነጫል፤ ኢንዛይም ሲመነጭ ጉዳቱ ይብሳል፤ ስለዚህ ሕመሙ እስኪጠፋና የላቦራቶሪው ቁጥር እስኪወርድ ሕመምተኛው ይጹም። ቢረዝም በደም ሥር ይመገብ። አመክንዮው ውበት አለው፣ ለዚያም ነው ይህን ያህል የቆየው።

ስሌቱ የዘነጋው አንጀትን ነው። የአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ምግባቸውን በከፊል የሚያገኙት በአንጀቱ ውስጥ ከሚያልፈው ምግብ በቀጥታ ነው። ምግብ ሲቋረጥ ግድግዳው ይሳሳል፣ እንቅስቃሴው ይዳከማል፣ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ፣ ከዚያም በሳሳው ግድግዳ አልፈው ወደ ደም ይገባሉ። የሞተውን የቆሽት ክፍል የሚበክሉት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው ከዚያ የመጡ ናቸው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) በቱቦ ወደ አንጀት የተመገቡና በደም ሥር የተመገቡ ሕሙማንን የሚያነጻጽሩ ጥናቶች መውጣት ጀመሩ። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው ግምገማ እነዚህን ሲመረምር፣ በአንጀት በኩል የተመገቡት ያነሰ እንደሞቱ፣ በኢንፌክሽን ያነሰ እንደተያዙና ለቀዶ ሕክምና ያነሰ እንደተዳረጉ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው «ይመገብ ወይስ አይመገብ?» መሆኑ ቀርቶ «መቼ? በምን መንገድ?» ወደሚለው ዞሯል። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 መመሪያው፣ የሚችል ሕመምተኛ በ24 ሰዓት ውስጥ በአፉ መብላት እንዲጀምር ይመክራል። የሊፔዝ ቁጥር እስኪወርድ መጠበቅም አስፈላጊ አይደለም፤ የሚጠበቀው የሕመምተኛው ፍላጎትና መቋቋም ነው።

ጾም ጉበቱ ለደከመ ሰው ምን ያደርጋል?

ጤነኛ ጉበት ስኳርን በግላይኮጅን መልክ ያከማቻል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳንበላ ስናድር ከዚህ ጎተራ እየቆነጠረ ደማችንን ይመግባል። በሲሮሲስ ጎተራው ጠቧል። ስለዚህ ሕመምተኛው ከእራት እስከ ቁርስ ባለው ጊዜ ብቻ፣ ሰውነቱ ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ከጾመ በኋላ የሚገባበት ሁኔታ ውስጥ ይገባል። ይህ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ግላይኮጅን ሲያልቅ ሰውነት ወደ ጡንቻ ይዞራል፤ ጡንቻውን አፍርሶ ስኳር ይሠራል።

ጉዳቱ መክሳት ብቻ ቢሆን ኖሮ መታገሥ ይቻል ነበር። ፕሮቲን ሲፈርስ አሞኒያ ይፈጠራል። ጤነኛ ጉበት አሞኒያን ወደ ዩሪያ ቀይሮ በሽንት ያስወግዳል፤ የደከመው ግን አይችልም። ያኔ የጉበትን ጎደሎ በከፊል የሚሸፍነው ጡንቻ ነው፤ አሞኒያን ከደም እየሳበ ጉዳት ወደማያደርስ ውሁድ ይለውጠዋል። ሰውየውን ስናስርበው እንግዲህ አሞኒያ የሚያመነጨውን ሂደት እናፋጥናለን፣ አሞኒያ የሚያጸዳውንም አካል እናሳጣዋለን። የተጠራቀመ አሞኒያ ወደ አንጎል ሲደርስ መፍዘዝ፣ እንቅልፍ ከሌሊት ወደ ቀን መዞር፣ ግራ መጋባት፣ ብሎም ራስን መሳት ይከተላል። ቤተሰብ «ምን ነካው? ትናንት ደህና ነበር» የሚለው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ከአንጀት የሚወጣ ደም ወደ ሰውነት ከመሰራጨቱ በፊት በጉበት ያልፋል፤ ጉበት ውስጥ ያሉ ልዩ ሕዋሳትም ከአንጀት ሾልኮ የመጣውን ባክቴሪያ ይይዛሉ። ጉበቱ በጠባሳ ሲደድር ግን ደሙ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ አበጅቶ ጉበቱን እየሸሸ ያልፋል። በሌላ ሰው ላይ አንጀት ያሳለፈውን ጉበት ይይዝ ነበር። በዚህ ሕመምተኛ ግን ሁለተኛው ዘብ የለም። የአንጀትን ግድግዳ በምግብ መጠበቅ ለሁሉም የቆሽት ሕመምተኛ የሚጠቅም ቢሆን ለእሱ የበለጠ ያስፈልጋል ብሎ መደምደም ምክንያታዊ ነው። ልብ መባል ያለበት ግን ትልልቆቹ የቆሽት ጥናቶች ሲሮሲስ ላለባቸው ሕሙማን ታስበው የተሠሩ አለመሆናቸው ነው። ሐኪሞች የሚሠሩት የቆሽቱንና የጉበቱን መመሪያዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው በማገናዘብ ነው።

የፕሮቲን ፍርሃት

አሞኒያ ከፕሮቲን የሚመጣ ከሆነ ፕሮቲንን መቀነስ ለምን አይበጅም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለአሥርት ዓመታት የተሠራውም በዚሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የስፔን ጥናት ግን አእምሯቸው በጉበት ችግር የታወከ 30 ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ ፕሮቲን ቀንሶ ለሌሎቹ በመደበኛው መጠን ሰጠ። የአእምሯቸው ሁኔታ አልተለያየም፤ የተለያየው የተከለከሉት የራሳቸውን አካል ይበልጥ ማፍረሳቸው ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ነገር ግን ከላይ ካየነው የጡንቻ ሥራ ጋር ይገጥማል።

የአውሮፓ የጉበት ጥናት ማኅበርም ሆነ የአውሮፓ የሥነ ምግብ ሕክምና ማኅበር አሁን የሚመክሩት በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው፤ ኃይልን በተመለከተ የሥነ ምግቡ ማኅበር ከ30 እስከ 35 ኪሎ ካሎሪ፣ የጉበቱ ደግሞ ቢያንስ 35 ይላሉ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን፣ ከ1,800 እስከ 2,100 ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው። ክብደቱ ሲሰላ በሆድ የተቋጠረው ውኃ መቀነስ አለበት፤ ሆዱ በውኃ የተነፋ ሰው ሚዛን ላይ ወፍራም፣ ክንዱ ላይ ግን አጥንት ነው።

ሥጋ የሚያስቸግራቸው አንዳንድ ሕሙማን የእህልና የወተት ፕሮቲንን በተሻለ ይቀበላሉ። ምስር፣ አተርና ሽንብራ የዘወትር ምግቡ ለሆነ አገር ይህ መልካም ዜና ነው።

ግሉኮስ ምግብ ነው?

በአብዛኛው የሚሰጠው 5 በመቶ ግሉኮስ በአንድ ሊትር ውስጥ የያዘው 50 ግራም ስኳር ነው፤ ይህ 200 ኪሎ ካሎሪ እንኳን አይሞላም። በቀን ሦስት ሊትር የወሰደ የ60 ኪሎ ሰው ከሚያስፈልገው ኃይል ሲሶውን ሳያገኝ ውሎ ያድራል። ፕሮቲን ምንም የለውም። ጨው የያዙት ሌሎቹ ፈሳሾች ደግሞ ኃይል የሚባል ነገር አይሰጡም። የደም ስኳርን መውረድ ለመከላከል ግሉኮስ ጥቅም አለው፤ ከዚያ ያለፈ ተስፋ ሊጣልበት አይገባም።

የፈሳሹ መጠን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቆሽቱ ለተቆጣ ሰው ፈሳሽ በገፍ መስጠት የቆየ ልማድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት በገፍ ከተሰጣቸው ሕሙማን 20.5 በመቶው ከመጠን ያለፈ ፈሳሽ እንደተጠራቀመባቸው፣ በመጠኑ ከተሰጣቸው ግን 6.3 በመቶው ብቻ እንደሆኑ ካሳየ በኋላ ልማዱ ተለውጧል። ሆዱና እግሩ አስቀድሞ ውኃ ለሚቋጥር የጉበት ሕመምተኛ ጥንቃቄው እጥፍ ነው።

በደም ሥር የሚሰጥ ሙሉ ምግብም አለ፤ ስብ፣ ፕሮቲንና ስኳር አሟልቶ የያዘ። ውድ ነው፣ በብዙ ሆስፒታሎቻችን በቀላሉ አይገኝም፣ የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦም የኢንፌክሽን በር ነው። አንጀት በፍጹም እምቢ ሲል ብቻ የሚመረጥ አማራጭ ነው።

ባለሙያዎች የሚለያዩባቸው ነጥቦች

በአፉ መብላት ለማይችል ሰው በአፍንጫ ቱቦ ማስገባቱ ላይ ስምምነት አለ፤ ጊዜው ላይ ግን ክርክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በኔዘርላንድስ በ208 ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በቱቦ መጀመር እስከ ሦስተኛው ቀን ጠብቆ በአፍ ከመሞከር እንደማይበልጥ አሳየ። እንዲጠብቁ ከተደረጉት አብዛኞቹ ቱቦ ሳያስፈልጋቸው በልተዋል። ይህን ይዘው «መጣደፍ ምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። ጥናቱ የሚናገረው ግን ሦስት ቀን መቆየት ስለሚችል ሰው ነው። የጎተራው ግላይኮጅን ያለቀበትና ጡንቻው የሟሸሸ የሲሮሲስ ሕመምተኛ ያን ጊዜ ያለ ጉዳት ይዘልቃል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በአፍ መሞከር፣ በቂ ካልበላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቱቦ ማስገባት ለሁለቱም ወገን የሚመች አካሄድ ይመስላል። የቱቦው ጫፍ ጨጓራ ላይ ቢቆም ወይስ አልፎ ትንሹ አንጀት ቢገባ የሚለውም ቢሆን፣ ለአብዛኛው ሕመምተኛ ቀላሉ የጨጓራ ቱቦ ይበቃል።

ቱቦውን ራሱን የሚፈሩም አሉ። ጉበቱ የደደረ ሰው ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ በሚወርደው ቧንቧ ውስጥ ያበጡ ደም ሥሮች ሊኖሩት ይችላሉ፤ ቱቦ ሲገባ ቢፈነዱስ? ፍርሃቱ ይገባል፣ ማስረጃው ግን አይደግፈውም። የአውሮፓው የሥነ ምግብ መመሪያ ያልደሙ ያበጡ ደም ሥሮች ቀጭን ቱቦ ለማስገባት እንቅፋት እንዳልሆኑ ይናገራል። በቅርቡ ለደማ ሰው መጠበቅና ከባለሙያ ጋር መምከር ያሻል። ሆድን በስቶ ቱቦ መትከል ግን ውኃ ለቋጠረ የጉበት ሕመምተኛ አደገኛ ስለሆነ አይመከርም።

ምግቡ ጨርሶ የማይሰጥበት ጊዜም አለ። የደም ግፊቱ ወድቆ ያልተረጋጋ፣ አንጀቱ የታገደ፣ ደም እያስታወከ ያለ ሰው አይመገብም። ራሱን የሳተ ሰው ምግብ ወደ ሳንባው እንዳይገባ በአፉ አይሰጠውም።

ጨው ላይ ደግሞ ልከኝነት ይሻላል። ውኃ የሚቋጥር ሰው ጨው መቀነስ አለበት፤ ነገር ግን ጨው አልባ ሆኖ ሳይነካ የሚመለስ ሳህን ማንንም አልጠቀመም። የአውሮፓ መመሪያዎች በቀን ከ5 እስከ 7 ግራም ገደማ ጨው የሚፈቅዱት ለዚህ ነው። ስለ ጠቃሚ ባክቴሪያ ማሟያዎች ግን ለዘብተኛ መሆን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት፣ ቆሽታቸው ክፉኛ ይጎዳል ተብሎ በተሰጋ ሕሙማን ላይ ማሟያውን ከወሰዱት 16 በመቶ፣ ካልወሰዱት 6 በመቶ እንደሞቱ አሳይቷል። በከባድ የቆሽት ሕመም ወቅት «ለአንጀት ጥሩ ነው» ተብሎ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ለረጅም ጊዜ ሳይበላ የቆየ ሰው

በረሃብ የቆየ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ ሌላ አደጋ አለ፤ ሐኪሞች ሪፊዲንግ ሲንድሮም ይሉታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ የተፈቱ የተራቡ እስረኞች ምግብ ባገኙ በቀናት ውስጥ ሲሞቱ የታወቀ ነገር ነው። ስኳር ሲገባ ኢንሱሊን ይነሳል፤ ኢንሱሊን ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየምን ከደም ወደ ሕዋሳት ይነዳል፤ ልብና ሳንባ ይታወካሉ። አረቄ እየጠጣ ምግብ ለሳምንታት የዘነጋ፣ ጉበቱ የተጎዳና ቆሽቱ የተቆጣ ሰው ለዚህ የመጀመሪያው ተጋላጭ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከፍላጎቱ በታች ጀምሮ በቀናት ውስጥ ከፍ ማድረግ፣ ማዕድናቱን በየቀኑ መለካት፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ታያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ 1 መስጠት። ታያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ መልቀቅ አንጎልን የማይመለስ ጉዳት ላይ ሊጥል ይችላል። ርካሽ መርፌ ስለሆነ ብቻ ሊረሳ አይገባም።

በእኛ ማዕድ

ቆሽቱ እያገገመ ያለ ሰው ስብ የቀነሰ፣ ለስላሳ ምግብ ይጀምራል። በውኃና በሻይ ለቀናት መቆየት ግድ አይደለም፤ በቀላል ሕመም ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በቀጥታ ስብ በቀነሰ ጠጣር ምግብ መጀመር ደህና መሆኑን አሳይቷል።

ለሕመምተኛ የምንሠራው አጥሚት ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ውኃው ይበዛል፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ኃይል አይሰጥም። ስቡ የተገፈፈ የዱቄት ወተት ወይም የተፈጨ ሽንብራ ቢጨመርበት ፕሮቲን ያገኛል። ገንፎ በመሠረቱ ተስማሚ ነው፤ ችግሩ መካከሉ ላይ የሚፈሰው ቅቤ ነው። ዓይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ የሚሠራ በመሆኑ ስቡ አነስተኛ፣ ፕሮቲኑ ጥሩ ነው። በጥቂት ዘይት የተሠራ ሽሮና ክክ፣ የተቀቀለ የእንቁላል ነጭ፣ የተቀቀለ ዓሣ ሁሉ ይሆናሉ። በርበሬ ቆሽትን ያቆጣል የሚለው ወሬ ጽኑ ማስረጃ የለውም፤ ከተስማማው በመጠኑ ይበላል። ስቡን ግን ለዘላለም መከልከልም ስህተት ነው፤ ኃይል የሚያንሰው የጉበት ሕመምተኛ ቆሽቱ ሲያገግም ስብ ቀስ በቀስ ሊመለስለት ይገባል። መንስኤው በደም ውስጥ የበዛ ትራይግሊሰራይድ የተባለ የስብ ዓይነት የሆነ ሰው ብቻ ጥብቅ ቁጥጥር ይፈልጋል።

ከምግቡ ዓይነት ይልቅ ሰዓቱ ይበልጥ ይዘነጋል። ጉበቱ የደከመ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ጠግቦ ከመብላት አምስት ስድስት ጊዜ ቆንጠር ማድረግ ይሻለዋል፤ በተለይም ከመኝታ በፊት የሚበላ መክሰስ። ጥቂት ዳቦ ከወተት ጋር፣ ወይም አንድ ኩባያ በሶ የሌሊቱን ጾም ያሳጥራል፣ ለወራት ሲዘወተርም ጡንቻን እንደሚጠብቅ ታይቷል። እዚህ ላይ የሃይማኖት ጾም ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። የጾም ምግቡ ራሱ ችግር የለበትም፤ ጥራጥሬው እንዲያውም ይመከራል። የሚጎዳው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ፀሐይ መግቢያ ባዶ ሆድ መቆየቱ ነው። በክርስትናም በእስልምናም ሕመምተኛ ከዚህ ነፃ የሚሆንበት መንገድ አለ፤ ከንስሐ አባት ወይም ከሼኽ ጋር መነጋገር የሕክምናው አካል ሆኖ ቢታይ ማጋነን አይሆንም።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ

መንስኤው ካልተወገደ ሕመሙ ይመለሳል። አልኮል ከሆነ ጠላና ጠጁም ከአረቄው እኩል ይቆማሉ። የሐሞት ጠጠር ከሆነ ከረጢቱን በቀዶ ሕክምና ማውጣት የተለመደው መፍትሔ ነው፤ ጉበቱ እጅግ ለደከመ ሰው ግን ቀዶ ሕክምናው ራሱ ሊገድል ስለሚችል ውሳኔው የጉበቱን ደረጃ ይጠብቃል። ክብደቱ እየቀነሰ፣ ሰገራው ቅባት እየበዛበትና ውኃ ላይ እየተንሳፈፈ የሚሄድ ሰው ቆሽቱ በቂ ኢንዛይም እያመነጨ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ከምግብ ጋር የሚዋጥ የኢንዛይም ክኒን አለ፤ የደም ስኳሩም አብሮ መለካት ይኖርበታል።